ለሞቃት አገር ዓሦች የሚሆን የቤት አኳሪየም በአዲስ አበባ እንዴት ይዘጋጃል?

ዓሦቹን መጨረሻ ላይ ይግዙ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በተቃራኒው ነው፤ ገንዳውንም ዓሦቹንም በአንድ ቀን ገዝቶ፣ ከቧንቧ ውሃ ሞልቶ ማታውኑ ይጨምራቸዋል፣ ከሳምንት በኋላም አንድ በአንድ እያወጣ መጣል ይጀምራል። እኔም የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጋፒዎች (ጋፒ ትንሽ የሞቃት አገር ዓሣ ነው) ያጣሁት እንዲሁ ነው። ሻጩ ስለ ውሃው ምንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ለጀማሪ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ወርድና 35 ቁመት ያለው፣ ወደ 60 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ይበቃል። ከዚህ ያነሰው ለአያያዝ የቀለለ ቢመስልም፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበከላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። መስታወት ቤት አሠርተው ከሆነ የሲሊኮኑ የኮምጣጤ ሽታ ፈጽሞ እስኪጠፋ ጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ከዚያ ግቢ ውስጥ ሞልተው በመጋጠሚያዎቹ ሥር ደረቅ ጋዜጣ አንጥፈው ያሳድሩት። ጋዜጣው ከረጠበ ወደ ሠሪው ይመልሱት። ውሃ፣ ጠጠርና መስታወት ተደምሮ ወደ 75 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ማስቀመጫው ጠንካራ መሆኑንና በውሃ ልክ ሲታይ አለመዝመሙን ያረጋግጡ፤ ከሥሩ ስስ ስፖንጅ ያንጥፉ። መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ አይመከርም፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ውሃ በአልጌ አረንጓዴ ይሆናል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗ ለዓሣ አርቢ ሁለት ነገር ይለውጥበታል። የመጀመሪያው ብርዱ ነው። የሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆን ውሃ ይፈልጋሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ግን ሳሎናችን ራሱ እጅግ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በቆላ ለ60 ሊትር የሚበቃው የ50 ዋት ማሞቂያ እዚህ አቅም ስለሚያንሰው፣ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር የ100 ዋት ማሞቂያ ከቴርሞሜትር ጋር ይግዙ። ሁለተኛው አየሩ ነው፤ እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ውሃው ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። መመሪያዎች የሚሰጡት የዓሣ ብዛት ለእኛ የሚበዛብን በዚህ ምክንያት ነው። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ርካሽ ከመሆኑም በላይ ማጣራትንና አየር መስጠትን አንድ ላይ ስለሚሠራ፣ እኔ ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን እመርጣለሁ። ፓምፑ የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ስለሚከት፣ ፍሊት በሚነፋበት ጊዜ ፓምፑን ማጥፋትና ገንዳውን ሸፍኖ ማቆየት ግድ ነው፤ ፀረ ተባይ ዓሣ ይገድላል።

ጠጠሩን ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በባልዲ ደጋግመው ይጠቡ፤ ሳሙናም ሆነ በረኪና አይንካው። ከወንዝ ወይም ከግንባታ ቦታ ያመጡት ከሆነ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ አለበት ማለት ስለሆነ ይተዉት። ከአራት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንጥፈው፣ በላዩ ሳህን አስቀምጠው ውሃውን ሳህኑ ላይ ያፍስሱ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አፉ በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ይደር፣ ወይም የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ይጨመርበት። የገፈርሳና የለገዳዲ ግድቦች ውሃ ከሚደርሳቸው ሰፈሮች ይልቅ የጉድጓድ ውሃ በሚያገኙት ዘንድ ውሃው ብዙውን ጊዜ ማዕድን ይበዛበታል፤ ይህ ለዓሣው ምርጫ ይጠቅማል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፣ ሰውም የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ዓሦች ከሰውነታቸው አሞኒያ ያስወጣሉ፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ያንኑ ይሰጣል፣ ውሃው ጥርት ብሎ እየታየ እንኳ ጥቂቱ ይገድላል። በስፖንጁና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎች ደግሞ ናይትራይቱን ብዙም ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ቢሆን የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ማሞቂያውንና ፓምፑን ከፍተው፣ ዓሣ በሌለበት ገንዳ ውስጥ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይበትኑ፤ በውሃ መመርመሪያ ሲለኩ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ሲታይ ገንዳው ደርሷል። ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት ያደፈ የስፖንጅ ቁራጭ ይለምኑት፤ ልክ እንደ እርሾ ጊዜውን ያሳጥረዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጋፒ ወይም ፕላቲ ይግዙ። ሁለቱም ማዕድን ያለበትን ውሃ ይወዳሉ። ኒዮን ቴትራ መነሻው ማዕድን ያነሰበት የአማዞን ውሃ ስለሆነ፣ ለዚያውም በመንጋ ካልሆነ ስለሚፈራ፣ ለበኋላ ይቆይ፤ ጎልድፊሽ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነውና ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። ከጋፒ ወንዶቹን ብቻ፣ ማለትም ጭራቸው ሰፊና ያሸበረቀውን ይምረጡ። ሴቷ በየወሩ ገደማ ትወልዳለች፣ ከአንድ ጊዜ ግንኙነት በኋላም ለወራት መውለድ ስለምትችል ብቻዋን መግዛት መፍትሔ አይሆንም። ሦስት ዓሣ አስገብተው ሁለት ሳምንት ይታገሡ፣ ከዚያ ሦስት ይጨምሩ። ከነላስቲካቸው ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ያንሳፏቸው፤ በየጥቂት ደቂቃው ግማሽ ሲኒ የገንዳ ውሃ ወደ ላስቲኩ ይጨምሩ፤ በመጨረሻ ዓሦቹን በመረብ ያሻግሩና የላስቲኩን ውሃ ይድፉት።

ከዚህ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱትን ያህል ብቻ፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይመግቡ። በሳምንት አንድ ቀን ማሞቂያውን ከሶኬት ነቅለው፣ ከውሃው ሩቡን በጎማ ቱቦ ከጠጠሩ መካከል ቆሻሻውን እየሳቡ ያውጡ፤ ክሎሪኑ የጠፋ፣ ሙቀቱም የተመጣጠነ ውሃ ይተኩበት። ስፖንጁ ሲደፈን በቧንቧ ውሃ አይታጠብም፤ ስድስት ሳምንት የጠበቁላቸውን ባክቴሪያዎች ክሎሪኑ በአንድ ጊዜ ይፈጃቸዋል። ከገንዳው ባወጡት ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስቴ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

መብራት ሲጠፋ በቅድሚያ የሚያስፈልገው አየር ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ቢኖር መልካም ነው፤ ከሌለ በየሩብ ሰዓቱ ውሃውን በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ምግብ አይስጡ። የገንዳውን ጎኖች በጋቢ ይጠቅልሉ፤ ከቀዘቀዘም ሙቅ ግን ያልፈላ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ ያንሳፉበት። ፓምፑን ደግሞ ሁልጊዜ ከውሃው ወለል ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ኃይል በተቋረጠ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተስቦ ወደ ውጭ ሊፈስ ይችላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት፣ ጠዋት በባዶ እግሬ ምንጣፉን ስረግጥ ነው።