ማመልከቻው ሳይከፈት ስማችሁን አመሳክሩ

በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፉት የኢራስመስ ሙንዱስ ማስተርስ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ ማመልከቻ የሚቀበሉት በጥቅምትና በጥር መካከል ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሳያልቅ ፓስፖርታችሁንና ትራንስክሪፕታችሁን ጎን ለጎን አስቀምጡና የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል አስተያዩ። «ጸሐይ» አንዱ ላይ በ«ቲኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ተጽፎ ይገኛል። የአያት ስም ከአንዱ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ልዩነት ካያችሁ ዛሬውኑ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ማስተካከያ ወይም የማረጋገጫ ደብዳቤ ጠይቁ፤ ጉዳዩ በአንድ ቀን አያልቅም። አንድ በጣም ጎበዝ ጓደኛዬ ለዚች ፊደል ሲመላለስ ቀኑ አለፈበት፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የወጪ መጋራት ዕዳ ስላለባችሁ ዋናው ዲግሪ ካልተሰጣችሁ ጊዜያዊው ይበቃ እንደሆነ ፕሮግራሙን በኢሜይል ጠይቁ። መልሱን አስቀምጡት።

የብሪታንያ መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል የሆነውን ቼቭኒንግን የምታስቡ ደግሞ 2,800 ሰዓት፣ ማለትም ሁለት ዓመት ገደማ የሥራ ልምድ እንደሚጠይቅ እወቁ። የት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራችሁ በፈረንጅ አቆጣጠር ከወዲሁ መዝግቡ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራንም ቢያንስ ከወር በፊት አነጋግሯቸው፤ ጥድፊያ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ስለ እናንተ ብዙም አይናገርም።