አካል ከተተካላችሁ በኋላ የክረምት ድባቴን እንዴት እንደምትሻገሩት

የኪኒን ሳጥኔ ሰባት ቀን፣ ሁለት ረድፍ አለው። ላይኛው ለጠዋት፣ ታችኛው ለማታ። አንድ የክረምት ዓርብ ጠዋት ስከፍተው የሐሙስ ማታዎቹ ኪኒኖች ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ኩላሊት ከተተካልኝ ወዲህ አንድም ቀን ዘልዬ አላውቅም ነበር። ረስቼ ቢሆን ባልደነገጥኩ። ግን አልረሳሁም። ሶፋው ላይ ተጋድሜ፣ ሳጥኑን እያየሁት፣ «ቆይ ትንሽ» ስል እንቅልፍ ወሰደኝ። ተነስቶ አምስት እርምጃ መሄድ ተራራ ሆኖብኝ ነበር።

ክረምት የምለው ዝናቡን አይደለም። ቀኑ የሚያጥርበትን፣ ከሥራ ስትወጡ ጨለማ የሚቀበላችሁን የብርድ ወቅት ነው። በዚያ ወቅት የሚመጣው ድባቴ የራሱ መልክ አለው። እንቅልፍ ይበዛል። እጅና እግር ይከብዳል። ዳቦና ጣፋጭ ያምራል። ስልክ ማንሳት ያስጠላል። ቀኑ ሲረዝም ይለቃል፣ በዓመቱ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ኖርማን ሮዘንታል የተባለ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ጽፎታል። ስንፍና ነው የሚላችሁን አትስሙት።

አካል ለተተካለት ሰው ግን ጣጣው ይብሳል። ሌላው ሰው አንድ ማታ በድባቴ ቢጋደም ነገ ይነሳል። እኛ ስንጋደም ኪኒን ይቀራል። ኪኒን ደጋግሞ ከቀረ ደግሞ ሰውነት አዲሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። በዚያ ላይ ሰው ለድባቴ ከሚመክረው ብዙው ለእኛ አይሆንም። እኔን የጠቀመኝ ድባቴውንና ኪኒኑን ለየብቻ ማስታመም ትቼ ሁለቱንም ጠዋት ላይ አንድ ላይ ማሰሬ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ ደማችሁ ይታይ

ድካም ሁሉ ድባቴ አይደለም። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ሥራ መቀነስ፣ ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ፣ ወይም የተተካው አካል ራሱ መጎዳት መጀመሩ ልክ እንደ ድባቴ አልጋ ላይ ይጥላል። ሰውነት የተተካውን አካል እንዳያጠቃ የምንውጣቸው መድኃኒቶችም እጃቸው አለበት። ፕሬድኒሶሎን ስሜትን ያወጣል ያወርዳል፣ እንቅልፍም ይነሳል። ታክሮሊመስ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እሱም እንቅልፍ ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ እስኪደርስ ሳትጠብቁ ክትትል ወደምታደርጉበት ክፍል ደውሉ። መቼ እንደጀመራችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ አምናም እንዲህ ሆናችሁ እንደነበር ንገሯቸው።

የዘለላችሁትን ኪኒን አትደብቁ። እኔ ደብቄ አይቻለሁ። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሁለት ሦስት ማታ ደገምኩት። በደም ምርመራው የታክሮሊመሱ መጠን ወርዶ ተገኘ። ዶክተሯ «እንግዲህ መጠኑን እንጨምረው» ስትል ነው ላብ ያጠመቀኝ። የማያስፈልገኝን መድኃኒት ሊጨመርብኝ ነበር። ያን ዕለት ተናዘዝኩ። አልተቆጣችኝም። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚከብድህ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

2. ብርሃኑን በትክክል ያዙት

ለክረምት ድባቴ ከሚታዘዙት አንዱ የብርሃን ሕክምና ነው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ነጭ ብርሃን የሚሰጥ መብራት ነው። የተለመደው ጥንካሬ 10,000 ሉክስ ነው፤ ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው። ለማነጻጸር፣ የቤት መብራት አብዛኛውን ጊዜ ከ500 ሉክስ አይበልጥም። ደመናማ ቀን እንኳ ውጭው ሺህ ቤት ይገባል። ዓይናችን ቤቱን «በቂ ብርሃን አለው» ብሎ ይሸውደናል እንጂ ልዩነቱ የትየለሌ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለእኛ ይህ የደንብ ጥያቄ አይደለም። የሰውነት መከላከያን የሚያፍኑት መድኃኒቶች የቆዳ ካንሰርን ዕድል በብዙ እጥፍ ስለሚጨምሩ መብራቱ የአልትራቫዮሌት ጨረርን የሚያጣራ መሆን አለበት። ቆዳ ለማጥቆር የሚሸጠው መብራት ፈጽሞ አይሆንም፤ መልኩ ቢመሳሰልም ሥራው ሌላ ነው። አንዳንድ መድኃኒቶችም ቆዳን ለብርሃን ስስ ያደርጋሉ። ለምሳሌ ፈንገስ ለመከላከል የሚሰጠው ቮሪኮናዞል እንዲህ ያደርጋል። ስኳር ያለባችሁ ወይም የዓይን ሕመም ያለባችሁ የዓይን ሐኪም ይያችሁ። ፕሬድኒሶሎን የዓይን ሞራ ሊያመጣ ስለሚችል መታየቱ ለማንም አይከፋም። ስሜታችሁ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ እንቅልፍ አልባ የሚያደርጋችሁ ጊዜ ኖሮ ከሆነም ተናገሩ፤ ብርሃኑ ያንን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ከተፈቀደላችሁ በነቃችሁ በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፊቱ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ መብራቱን ግን አትፍጠጡበት። ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርቀቱ ላይ ነው። 10,000 ሉክስ የሚባለው መመሪያው ላይ በተጻፈው ርቀት ላይ ስትሆኑ ነው፣ ብዙ ጊዜ ክንድ የማይሞላ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ቁርስ ለመዘርጋት እንዲመቸኝ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፍቼው፣ «ይህ ነገር አይሠራም» እያልኩ አንድ ሳምንት አባከንኩ። ማታ አታብሩት፣ እንቅልፍ ይነሳችኋል። ራሳችሁን ካመማችሁ ደቂቃውን ቀንሱ። ለውጡ የሚታየው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ተሻለኝ ብላችሁ ወዲያው ብትተዉት ተመልሶ ይመጣል፤ ቀኑ እስኪረዝም ቀጥሉ።

3. ኪኒኑን ከመብራቱ ጋር እሰሩት

የኪኒን ሳጥኑን መብራቱ ሥር አስቀምጡት። ከጎኑ አንድ ብርጭቆ ውኃ ማታውኑ ተቀድቶ ይደር። ጠዋት ላይ ፈቃድ የሚጠይቀው ነገር አንድ ብቻ እንዲሆን ነው፤ ወንበሩ ላይ መቀመጥ። መብራቱን ታበራላችሁ፣ የጠዋቷን ክዳን ትከፍታላችሁ፣ ኪኒኖቹ በምትንቀጠቀጥ መዳፍ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ ትውጣላችሁ። ፕሬድኒሶሎንም ጠዋት ሲወሰድ ለእንቅልፍ ይሻላል።

ማታውን ደግሞ ድባቴው ሳይከብድ ቅደሙት። በቀን ሁለት ጊዜ የምትወስዱ ከሆነ በመሃሉ 12 ሰዓት መኖር ስላለበት፣ ጠዋት 1 ሰዓት የሚውጥ ሰው ማታም 1 ሰዓት ላይ ይውጣል። እኔ በፊት የማታውን ከምሽቱ 4 ሰዓት ነበር የምወስደው፤ ልክ ሶፋው የሚበላኝ ሰዓት። ከሐኪም ጋር ተነጋግሬ ሰዓቱን ቀደም አደረግሁት። ማስታወሻ ስልክ ላይ ሙሉ፣ ሌላ ሰውም ይጠይቃችሁ። አንድ ከቀረባችሁ ለማካካስ እጥፍ አትዋጡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ለመድኃኒት መጠን ደም በምትሰጡበት ጠዋት ደግሞ ኪኒኑ የሚዋጠው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው፤ ይዛችሁት ሂዱ።

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው ቀን በጣም በሚያጥርበት ሳምንት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 23 ቀን 1954 ቦስተን ውስጥ። ሮናልድ ሄሪክ ለወንድሙ ለሪቻርድ ሰጠ። ሪቻርድ ይህ ሁሉ ኪኒን አላስፈለገውም፤ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንደ ራሱ ቆጠረው። እኛ መንታ የለንም፣ ሳጥን ነው ያለን።

4. «ተፈጥሯዊ» የተባለውን ሳትጠይቁ አትዋጡ

ለድባቴ በየመደብሩ የሚሸጥ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ዕፅ አለ። ለሌላው ሰው ቀላል ይመስላል። ለእኛ መርዝ ነው ብል አላጋነንኩም። ጉበት ታክሮሊመስንና ሳይክሎስፖሪን የተባለውን ተመሳሳይ መድኃኒት በፍጥነት እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ ኪኒኑን በሰዓቱ እየዋጣችሁ እንዳልዋጣችሁ ትሆናላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 የዙሪክ ሐኪሞች ልብ የተተካላቸው ሁለት ሰዎች ይህን ዕፅ ወስደው የሳይክሎስፖሪናቸው መጠን እንደወረደና ሰውነታቸው ልቡን ማጥቃት እንደጀመረ ጽፈዋል። ዕፁ ሲቆም መጠኑ ተመለሰ።

ግሬፕፍሩት የተባለው የብርቱካን ዘመድ ፍሬ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መድኃኒቱን ደም ውስጥ ያከማቻል። ኤኪናሲያ የተባለው የጉንፋን ዕፅም የሰውነትን መከላከያ ያነሳሳል ስለሚባል ይቅርባችሁ። ቫይታሚን ዲ በደም ተመርምሮ፣ መጠኑ በሐኪም ተወስኖ ይወሰዳል፤ ከበዛ ካልሲየምን ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል።

የድባቴ ኪኒን ራሱ ግን አይከለከልም። ብዙ የተተካላቸው ሰዎች ይወስዳሉ። ምርጫው ላይ የአእምሮ ሐኪሙና የንቅለ ተከላ ቡድኑ መነጋገር አለባቸው፤ ለምሳሌ ፍሉቮክሳሚን የታክሮሊመስን መጠን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። የመድኃኒት ዝርዝራችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለሁለቱም ስጡ። መድኃኒት የማትፈልጉ ከሆነ ለክረምት ድባቴ ተብሎ የተዘጋጀ የንግግር ሕክምና አለ፣ በጥናትም ተፈትኗል።

5. ውጡ፣ ግን ተጠንቀቁ

ከሰዓት በፊት ለ20 ደቂቃ መራመድ በቂ መነሻ ነው። ፊትና እጅ ላይ የፀሐይ መከላከያ ቅባት አድርጉ። በረዶ ካለ ደግሞ ጨረሩን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ክረምት ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ጣፋጭ ሲያምራችሁ ፕሬድኒሶሎኑም አብሮ እየገፋችሁ መሆኑን አስታውሱ፤ ታክሮሊመስም ስኳር ሊያመጣ ይችላል። የጉንፋኑን ክትባት በመርፌ የሚሰጠውን ውሰዱ፣ ሕያው ቫይረስ ያለበት የአፍንጫው አይነት ለእኛ አይደለም። ቤት መዝጋት ግን መፍትሔ አይደለም። ጉንፋን ፈርቶ ሰው መራቅ ድባቴን ይቀልበዋል። ማስክ አድርጋችሁ፣ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ከአንድ ወዳጅ ጋር ተገናኙ።

6. «አመስግን እንጂ» ሲሏችሁ

ይህ ነው የሚያንገበግበው። ሰው አዲስ ሕይወት ተሰጥቶት እንዴት ያዝናል ይባላል። እናንተም ለራሳችሁ ትሉታላችሁ። በተለይ ሰጪው የሞተ ሰው ከሆነ፣ ወይም የሰጣችሁ እህታችሁ ሆና እሷም እቤት ቁጭ ብላ የምታያችሁ ከሆነ። ማመስገንና ማዘን አንድ ደረት ውስጥ አብረው ያድራሉ። ይህን የሚያውቁት ሌሎች የተተካላቸው ሰዎች ናቸው፤ የንቅለ ተከላ ክፍሉ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ። ለቤተሰብ ደግሞ ምክር ሳይሆን ሥራ ስጡ፦ «ማታ 1 ሰዓት ላይ ዋጥሽ? ብላችሁ ብቻ ጠይቁኝ» በሉ።

ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ወይም ኪኒኑን ሆን ብላችሁ ለመተው ካሰባችሁ፣ ያን ቀን ሳታሳድሩ ለሰው ተናገሩ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍልም ሂዱ። ሙቀታችሁ 38 ዲግሪ ከደረሰም እንዲሁ ወዲያው ደውሉ፤ ድካሙ ከድባቴ ላይሆን ይችላል።

7. የመጪውን ክረምት ቀን ቁረጡ

ዘንድሮ የከበዳችሁ መቼ እንደጀመረ ጻፉ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ በመጪው ዓመት ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። መብራቱ በዚያ ቀን ከቁም ሳጥን ይወጣል፣ የክትትል ቀጠሮም በዚያ ሰሞን ይሁን። የእኔ ምልክት ሐሙስ ላይ ነው የዋለው።