ዳማ ከጠረጴዛው ስር እስክትወጣ

ውሻዬ ዳማ ቤቴ የገባች ቀን ቀጥታ ጠረጴዛ ስር ገባች። ጅራቷን ሸጉጣ፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ተኛች። ለአራት ቀን ከዚያ የወጣችው ውጭ ደርሳ ለመመለስና ሁላችንም ከተኛን በኋላ ምግቧን ለመብላት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ "ቁጭ" እና "ነይ" የሚሉትን ላስተምራት በጉጉት ስጠብቅ ነበር።

መጠለያ የቆየ ወይም ሌላ ቤት ያደገ ውሻ ስታመጡ ስልጠናው በትእዛዝ አይጀምርም። ሽታው፣ ድምፁ፣ ሰዉ ሁሉ አዲስ ሆኖበታል። ብዙ አሰልጣኞች 3 ቀን፣ 3 ሳምንት፣ 3 ወር ይላሉ። በ3 ቀን ድንጋጤው መብረድ ይጀምራል፣ በ3 ሳምንት የቤቱን ውሎ ያውቃል፣ በ3 ወር ቤቱ የራሱ እንደሆነ ይሰማዋል። ግምት ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ዳማ ድንጋጤዋ እስኪበርድ ብቻ አሥር ቀን ወስዶባታል።

በአምስተኛው ቀን ወለሉ ላይ ጎኔን ሰጥቻት ተቀመጥኩ። አልጠራኋትም፤ ዓይኗንም አላየሁም። መጽሐፍ እያነበብኩ በየጥቂት ደቂቃው የባቄላ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ስጋ ወደ እሷ ወርወር አደርግ ነበር። መጀመሪያ አፍንጫዋ ብቻ ብቅ አለ። ቁራጩን አንስታ ተመለሰች። በማግስቱ አንገቷ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ወለሉ ላይ የተውኩትን እጄን አሸተተች፤ ትንፋሿ ጣቶቼ ላይ ይሞቅ ነበር። በዚያች ሰዓት አለመንካት ከባድ ነው። እናንተም ብትሆኑ አትንኩት። እሱ ራሱ ተጠግቶ ሲደገፋችሁ ደረቱን ወይም የአንገቱን ጎን ዳሰስ አድርጉት። ከላይ በጭንቅላቱ ላይ የሚመጣ እጅ ብዙ ውሾችን ያስፈራል።

እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ "በቃኝ" ማለቱ ነው። ራቅ በሉለት። ሲያጉረመርም ደግሞ በፍጹም አትቆጡት። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። ማጉረምረሙን በቁጣ ካስተዋችሁት ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ልታገኙ ትችላላችሁ።

ትዕግሥቴ ያለቀው በሽንት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከውጭ ስገባ ምንጣፉ ረጥቦ አገኘሁትና ጮህኩባት። ጆሮዋን አጥፋ፣ አንገቷን ሰብራ አየችኝ። "ጥፋቷን አውቃለች" አልኩ። ተሳስቼ ነበር። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች የውሻ ባህርይ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት፣ ውሾች ያንን "የጥፋተኛ" ፊት የሚያሳዩት ባለቤታቸው ሲቆጣቸው እንደሆነ አሳይታለች፤ ምንም ያላጠፉትም ጭምር። ዳማ የገባት ምንጣፉ አይደለም፣ የኔ ቁጣ ነው። ተመልሳ ጠረጴዛው ስር ገባች፤ የሳምንት ልፋቴም አብሮ ሄደ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ይህን ነው። ከእንቅልፍ እንደነቃች፣ እንደበላች፣ ከጨዋታ በኋላ ወዲያው ወደ ውጭ፣ ሁልጊዜም ወደ አንድ ቦታ። ሸንታ እንደጨረሰች እዚያው ማመስገንና መሸለም። ቤት ገብቶ መሸለም ዋጋ የለውም፤ ሽልማቱ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ካልደረሰ ለምን እንደተሸለመች አይገባትም። ቤት ውስጥ ከሸናች ዝም ብሎ ማጽዳት ነው። የሽንት ሽታን የሚያጠፋ ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ተጠቀሙ፤ ሽታው ከቀረ እዚያው ቦታ ትመለሳለች።

ትእዛዝ ማስተማሩ ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በአንድ ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቃል ይጠቀም፤ አንዱ "ቁጭ"፣ ሌላው "ተቀመጪ" ካለ ግራ ይገባታል። ትናንት የቻለችውን ዛሬ ካቃታት ወደ ቀላሉ መልሷትና በሚሳካላት ጨርሱ።

ብቻዋን መቅረት ግን ብቻውን ወር ፈጅቶብናል። በሩን ከፍቼ ዘጋሁ፣ ተመለስኩ። አሥር ሰከንድ፣ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ። ማላዘን ከጀመረች ጊዜውን አብዝቼባታለሁ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው አሳጥራለሁ። ስወጣም ስገባም ነገሩን አላጋንንም። ቁልፉ ሲንኳኳ ብቻ የምትደነግጥበት ጊዜ ስለነበር ለቀናት የትም ሳልሄድ ቁልፍ አንስቼ መልሼ አስቀምጥ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ሳነሳ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝና ተመልሳ ተኛች። ምንጣፉ ላይ፣ ከጠረጴዛው ውጭ።