ኬሚካል የሚረጭ ወንድ የዘር ጤናውን እንዴት ይጠብቃል? መጀመሪያ ሱሪውን፣ ከዚያ ቫይታሚኑን

በጅማ ዙሪያ የበቆሎና የአትክልት ማሳ የሚረጭ ሰው መርጫውን በጀርባው ያዝላል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ፈሳሹ በወገብ በኩል ወደ ሱሪ ይወርዳል። ልጅ ዘግይቶበት «የትኛው ቫይታሚን ይሻለኛል?» የሚል ወንድ፣ ፋርማሲ ከመሄዱ በፊት ይህን ጎማ ይይ።

ፓራታዮን በተባለ ፀረ ተባይ በተደረገ የታወቀ ሙከራ፣ የቆለጥ ከረጢት ቆዳ ከክንድ ቆዳ 12 እጥፍ ያህል መርዝ አሳልፏል። ብዙዎቹ ፀረ ተባዮች ሰውነት ውስጥ ሲገቡ ፍሪ ራዲካል (ሴልን የሚያበላሹ ቅንጣቶች) ያበዛሉ። የስፐርም ሽፋን ደግሞ በእነዚህ ቶሎ በሚበላሽ ስብ የተሠራ ነው፤ ራሱን የሚጠግንበት አቅምም እምብዛም የለውም። እንቅስቃሴው ይዳከማል፣ ዲኤንኤውም ይሰባበራል። ቫይታሚን ኢ ስቡን ይጠብቃል፤ ቫይታሚን ሲ ውሃማውን ክፍል ይጠብቃል፣ ሥራውን የጨረሰውንም ኢ መልሶ ያነቃዋል።

ይሁንና ጉዳቱ ሁሉ በዚህ መንገድ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲቢሲፒ የተባለውን የአፈር ትል ማጥፊያ ያመርቱ የነበሩ ሠራተኞች መካን ሆነው ተገኙ። ኬሚካሉ የገደለው ስፐርም የሚያመነጩትን ሴሎች ነበር፤ አንዳንዶቹ ሠራተኞች ሥራውን ካቆሙ በኋላም አላገገሙም። ይህን ብርቱካን አይመልሰውም።

ስለዚህ በመርጫው ይጀምሩ። ንጹሕ ውሃ ሞልተው ይንፉትና ክዳኑን፣ ቱቦውንና እጀታውን ይፈትሹ፤ ጠብ የሚል ካለ ጎማውን ሳይቀይሩ ኬሚካል አይጨምሩ። ከሁሉ የከፋው ሰዓት የመበጥበጫው ነው፣ ምክንያቱም ኬሚካሉ ገና አልቀጠነም። የናይትሪል ጓንት ያድርጉ፤ የጨርቅና የቆዳ ጓንት መርዙን መጥጦ እጅ ላይ ያቆየዋል። ሱሪው ከቦት ጫማው ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከተከተተ ጫማው የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ይሆናል። ነፋስን ፊት ለፊት አይርጩ፣ የተደፈነ ኖዝልም (የመርጫው ጫፍ) በአፍ አይንፉ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ፦ እጅ በሳሙና የሚታጠበው ከሽንት በኋላ ብቻ ሳይሆን ከሽንት በፊትም ነው። ሱሪው ከረጠበ እዚያው ማሳ ላይ ይቀይሩ፤ «ቤት ስደርስ» ማለት መርዙን ለሰዓታት ይዞ መዋል ነው። የሥራ ልብስ ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይታጠብም።

ቀጥሎ ማዕድ። ለአዋቂ ወንድ በቀን 90 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ይበቃል፤ ሲጋራ የሚያጨስ 35 ይጨምራል። 100 ግራም ዘይቱን ብቻውን ከ200 ሚሊግራም በላይ ይሰጣል፤ ፓፓያ፣ ብርቱካንና ጥሬ ቃሪያም ጥሩ ናቸው። ጎመን ብዙ ሲቀቀል ግን ቫይታሚኑ በሙቀቱ ይጠፋል፣ የቀረውም ከውሃው ጋር ይደፋል። ቫይታሚን ኢ በቀን 15 ሚሊግራም ያስፈልጋል፦ 30 ግራም የተፈለፈለ የሱፍ አበባ ፍሬ ግማሹን ያህል ይሸፍናል፤ ለውዝና አቮካዶ ይጨምሩበት።

እንክብሉስ? ኬሚካል የተሰጣቸው አይጦች ቫይታሚን ሲና ኢ ሲጨመርላቸው በብዙ ሙከራዎች ጉዳታቸው ቀንሷል። ሰው ላይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ ልጅ ያልወለዱ ወንዶች የወሰዱት የአንቲኦክሲዳንት (እንደ ቫይታሚን ሲና ኢ ያሉ ፍሪ ራዲካልን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች) ድብልቅ ከባዶ ክኒን የተሻለ ውጤት አላሳየም። «ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» ማለትም አያዋጣም። በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ለዓመታት የወሰዱ ወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ ታይቷል፤ ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ብዙ ኢ የመድማት አደጋ አለው።

በሁለት ሳምንት ለውጥ አይጠብቁ። አንድ ስፐርም ለመሠራት 74 ቀን ያህል፣ ለመብሰልና ለመውጣት ደግሞ ተጨማሪ ሳምንታት ይፈልጋል። ዛሬ የጀመሩት ጥንቃቄ በምርመራ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የዘር ፈሳሽ ምርመራውን አሁኑኑ፣ ከዚያም ከሦስት ወር በኋላ ያድርጉ። ከምርመራው በፊት ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ። ናሙናው በንጹሕ ዕቃ ይያዝ፤ ሳሙናና ተራ ኮንዶም ስፐርሙን ስለሚገድሉ ውጤቱን ያበላሻሉ። ናሙናው የተሰጠው ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ከሰውነት ጋር አስጠግተው እንዳይቀዘቅዝ አድርገው በአንድ ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ ያድርሱ። የስፐርሙ ቁጥር በሚሊሊትር ከ16 ሚሊዮን በታች ከሆነ ምርመራው ይደገማል፤ ምንም ስፐርም ካልተገኘ ሦስት ወር ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሚስትም ጎን ለጎን ትመርመር።