አስቸጋሪ ደንበኛን እንዴት እንይዛለን? የማይሆን ሥራንስ እንዴት እንመልሳለን?

ሥራ ሲቀዘቅዝ የመጣውን ሁሉ እሺ ማለት ያምራል። ሠራተኛው ይጠብቃል፣ የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ ደንበኛው ደግሞ ብር ይዞ በር ላይ ቆሟል። ኮንትራክተርን የሚጥለው ግን ሥራ ማጣት ብቻ አይደለም። የማይሆን ሥራ መያዝም ይጥላል፣ ያውም ከነዕዳው።

ይህን የምጽፈው ድሬዳዋና ሐረር ላይ በአነስተኛ ግንባታ ለሚተዳደሩ ሙያተኞች ነው። ቤት ለሚሠሩ፣ ለሚያድሱ፣ ሶለታ (የፎቅ የአርማታ ወለል) ለሚሞሉ፣ ልስንና ቀለም ለሚይዙ። ቤት ለማሠራት ያሰባችሁም አንብቡት። ጥሩ ሙያተኛ አንዳንዴ ለምን እምቢ እንደሚል ይገባችኋል።

አስቸጋሪ ሰውን ከአስቸጋሪ ሥራ ለዩ

ጥያቄ የሚያበዛ ደንበኛ አለ። ጅዳ ወይም ካናዳ ሆኖ ለእናቱ ቤት የሚያሠራ ሰው በቀን ሦስት ጊዜ ይደውላል። ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ገባ ይላል፣ ፎቶ ላክ ይላል፣ ፎቶው ሲደርሰው ደብዝዟል ይላል። ይህ ሰው ያደክማል እንጂ አይጎዳም። ምናልባት የላከውን ገንዘብ ዘመድ በልቶበት ያውቅ ይሆናል። «ማታ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ፎቶና የዕለቱን ሥራ በቴሌግራም እልክልሃለሁ» በሉት፤ ከዚያ ሳታጓድሉ ላኩ። ሲያምናችሁ ስልኩም ይቀንሳል፣ ሌላ ደንበኛም ያመጣላችኋል።

አስቸጋሪ ሥራ ሌላ ነው። መሠረቱ የማይችለው ፎቅ፣ ፈቃድ የሌለው ግንባታ፣ ወንድማማች የሚካሰስበት ይዞታ። እዚህ ላይ ባለቤቱ ማር የሆነ ሰው ቢሆንም ሥራው አይድንም። ብዙ ሙያተኛ የሚሸወደው በዚህ ይመስለኛል። ተቆጪውን ይሸሽና ሳቂታውን ከነጉዱ ይቀበላል።

ቀብድ ሳትነኩ ወስኑ

ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ የሚለው ግልጽ ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል መደረጉን ያስረዳል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል። የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቁጥሩን ለሚፈልግ 1883 እና 1885 ነው። ስለዚህ 20,000 ብር ቀብድ ተቀብላችሁ በሦስተኛው ቀን «ሥራው አልጣመኝም» ብትሉ፣ 40,000 ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

እዚህ አገር ደግሞ ቀብድ የሚሰጠው ወሬው ሳያልቅ ነው። ሻይ እየተጠጣ «እንካ፣ ለመተማመኛ ያዘው» ይባላል። እጃችሁን ሰብስቡ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ሳይቱን ልየው፤ ብሩ የትም አይሄድም» በሉ። ሳትጠየቁ በቴሌብር ቢላክላችሁ እንኳ ወዲያው መልሱና መልእክቱን አታጥፉት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንዲሉ፣ ማሰቢያው ጊዜ ይህ ነው።

ሳይቱን በጠዋት ሄዳችሁ እዩ

ድሬ ላይ ፀሐዩ ሳይከር ሂዱ፤ በሙቀት የተቸኮለ ምርመራ ምርመራ አይሆንም። ሜትር፣ መዶሻና ማስታወሻ ያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚመጣውን ጥያቄ ልውሰድ። አንድ ሰው ሳቢያን አካባቢ ምድር ቤት አለው እንበል፤ ፎቅ ጨምሩልኝ ይላል። ጣሪያው ላይ ውጡና ከኮለኖቹ (ከአርማታ ምሰሶዎቹ) ጫፍ የወጡትን ፌሮዎች (የአርማታ ብረቶች) ቁጠሩ። ውፍረታቸውን ለኩ። ዝገቱን በሚስማር ፋቁት። ላይ ላዩን ከሆነ በብረት ብሩሽ ይለቃል። እየተቀረፈ የሚወርድ ከሆነ ግን ፌሮው ራሱ ቀጥኗል። ከዚያ ውረዱና ከአንዱ ኮለን ጎን መሬቱን አስቆፍሩ። ፉቲንጉ፣ ማለትም ከኮለኑ ሥር ያለው መሠረት፣ ስንት በስንት ነው? ጥልቀቱስ? ባለቤቱ «የድሮው ሙያተኛ ለሁለት ፎቅ አስቦ ነው የሠራው» ሊላችሁ ይችላል። መልካም፣ ፕላኑን ያሳያችሁ። ያያችሁትንም መሐንዲስ ይመልከተው። ፕላንም ከሌለ፣ መቆፈርም ከከለከለ፣ መሐንዲስም ካልፈለገ፣ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

ይህን ያህል የማጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ላይ፣ ቁጥር 3039፣ ቤት የሠራ ተቋራጭ ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ ነው። በአሠራር ጉድለት ለሚመጣው ብቻ አይደለም፤ በመሬቱ ጠባይ ለሚመጣውም ነው። ጊዜውን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ስምምነት ዋጋ የለውም። እንግዲህ «ፌሮውን ቀንስ፣ ኃላፊነቱን እኔ ፈርሜ እወስዳለሁ» የሚል ባለቤት ሊሰጣችሁ የማይችለውን ነገር ቃል እየገባ ነው። ፊርማው አያድናችሁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ ሶለታ ሥር ልጆች ይተኛሉ።

ስለ መሬት ጠባይ ካነሳን፣ ደቻቱ ወንዝን የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገረዋል፣ ገበያ ይቆምበታል። በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቷል። የወንዙን ዳር ቆርሶ «ትንሽ ሰርቪስ ቤት ሥራልኝ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ ዋጋ አትንገሩት። ዋጋ ከነገራችሁት ድርድር ጀመራችሁ ማለት ነው።

ሐረር ላይ ጥንቃቄው ሌላ መልክ አለው። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገል በዚያው በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሐረሪን ባህላዊ ቤት ነደባ (ከፍ ብሎ የተሠራውን መቀመጫ) አፍርሶ ሳሎን ለማስፋት፣ ወይም የድንጋዩን ግንብ በብሎኬት ለመተካት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የቅርስ ጥበቃውን ፈቃድ ያምጣ። «ቅዳሜና እሁድ ማንም ሳያይ እንጨርሰዋለን» ከተባለ ሥራው ከዚያው ይብቃ። ፈቃድ ያለው እድሳትም ቢሆን አንድ ነገር እዩ። በድንጋይና በጭቃ የቆመ ግድግዳ በሲሚንቶ ልስን ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ልስኑ ያብጣል፣ ይረግፋል፣ ደንበኛውም እናንተን ይረግማል። በኖራ እንዲሠራ አስረዱት። አሻፈረኝ ካለ ልስኑን ለሌላ ተዉለት።

ባለቤቱን ጠይቁት፣ ስትሰሙት ደግሞ ልብ በሉ

ካርታው በማን ስም ነው? ካርታው በሟች አባት ስም ሆኖ አንዱ ወንድም ብቻውን የሚያሠራ ከሆነ የሌሎቹ ወራሾች ፊርማ ይኑር። ከሌለ አንድ ቀን እህቱ የእግድ ወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ አርማታው ግማሽ ላይ ይቆማል።

የግንባታ ፈቃድ አለ? የሚከፍለው ማነው፣ የሚያዘውስ? ባል ቀለም መርጦ ሚስት የምታስለውጥበት ቤት ብዙ ነው። አንድ ሰው ይወክሉ፤ ትእዛዝ የምትቀበሉት ከእሱ ወይም ከእሷ ብቻ ይሁን።

ከእናንተ በፊት ማን ሠራ? እዚህ ላይ ጆሯችሁን አቁሙ። አንድ ሙያተኛ አጭበርብሮት ሊሆን ይችላል፣ ያጋጥማል። ሦስት ሙያተኛ ተራ በተራ ሌባ ነበር ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድሬ ትንሽ ናት፤ የቀድሞውን ፎርማን በግማሽ ቀን ታገኙታላችሁ። ደውሉና «ሒሳብህን በሰላም ጨረስክ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሁለቱንም ወገን ስሙ፤ የእሱም ቃል ወንጌል አይደለም።

ውሉ ላይ የሚጣሉበትን ነገር ቀድማችሁ ጻፉ

የሰው ውል ገልብጦ መፈረም አይበቃም። እዚህ ከተማ ላይ ምን እንደሚያጣላ እናውቃለን፤ እሱን እንጻፍ።

ሥራው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከነማቴሪያሉ? ከነማቴሪያሉ ከሆነ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ከዚህ በላይ ሲዘል ልዩነቱን ማን ይችላል? ዋጋ ማቅረቢያችሁ ላይ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን ይጸናል» ብላችሁ ጻፉ። ክፍያው በወርና በቀን አይሁን፤ ከሥራ ደረጃ ጋር ይታሰር። መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ኮለን ሲቆም ይህን ያህል፣ ሶለታ ከመሞላቱ በፊት ይህን ያህል። የሶለታውን ክፍያ ከሙሌቱ በፊት ማድረግ ይሻላል። ሙሌት ከተጀመረ መሀል ላይ አይቆምምና።

ውሃ የማን ነው? ሶለታ ተሞልቶ ቢያንስ ለ7 ቀን መጠጣት አለበት፤ በድሬ ሙቀት በቀን ደጋግሞ። መስመሩ ሲደርቅ ውሃ በቦቴ ይገዛል። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ውሃው ያንተ ነው» ይላል፣ ሙያተኛው «ያንተ ነው» ይላል፣ ሶለታው በመሀል ይሰነጠቃል። አንድ መስመር ብትጽፉ ኖሮ ጠቡ አይኖርም ነበር።

የሥራ ሰዓትም ይጻፍ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገብቶ ቀኑ ሲጋል የሚያርፍ ሠራተኛ ሰነፍ አይደለም። ደንበኛው ግን ከአዲስ አበባ ሊመጣ ይችላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደርስና ሁሉም ጥላ ሥር በርጫው ላይ ሆኖ ሲያይ ይቆጣል። አስቀድሞ ቢነገረው በጠዋት መጥቶ ሥራውን ያያል።

ተጨማሪ ሥራ ሳይጻፍ አይጀመር። «ያቺን ግድግዳ ትንሽ ግፋልኝ» የምትለዋ ቃል ናት ሒሳብ የምታበላሸው። ወዲያው ዋጋውን በቴሌግራም ላኩለት፣ «እሺ» እስኪል ጠብቁ። በመጨረሻ ውሉን ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ደንበኛው የሚመቸው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ ከሆነ በሚያምነው ሰው በቋንቋው ይነበብለት። ያልገባው ሰው የፈረመው ውል ሲጣሉ አይረዳም።

ሲቆጣ

በስልክ አትከራከሩ። «ሀጂ፣ ነገ ጠዋት ሳይት ላይ እንገናኝ» በሉ። በሠራተኛ ፊት አታድርጉት፤ እሱም እናንተም ለክብር ስትሉ ትጋጋላላችሁ። ተናግሮ እስኪጨርስ አታቋርጡ። ከዚያ ሜትሩን አውጡና አብራችሁ ለኩ። ጥፋቱ የሠራተኛችሁ ከሆነ መቼ እንደምታስተካክሉ ቀን ንገሩት። የጠየቀው ከውሉ ውጭ ከሆነ ውሉን ገልጣችሁ አሳዩት፣ ዋጋውንም ንገሩት። ስድብ ከጀመረ ወይም ሠራተኛ ላይ እጁን ካነሳ የዚያን ቀን ሥራ ይቁም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

እምቢ ስትሉ

ሳይቱን ካያችሁ በሁለት ቀን ውስጥ መልሱን ስጡ። ስልክ ማጥፋት ነውር ነው፤ ሰውየው ሌላ ሙያተኛ የሚፈልግበትን ጊዜ ትበሉበታላችሁ። «ኢንሻላህ፣ እናያለን» እያላችሁ ወር አታስጠብቁት። ዋጋ ሰቅሎ ማባረርም አልወድም። አንዳንዱ የሰቀላችሁትን ዋጋ ይቀበላል፤ ያን ጊዜ ምን ትላላችሁ?

ምክንያቱ ስለ ሥራው ይሁን፣ ስለ ሰውየው አይሁን። እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «ጋሼ፣ ቤቱን አየሁት። መሠረቱ ፎቅ የሚችል አልመሰለኝም። ያለ መሐንዲስ ማረጋገጫ እጄን ላስገባበት አልችልም። መሐንዲስ አይቶት ይሆናል ካለ ደስ እያለኝ እመጣለሁ።» ስለ ክፍያ ከሆነ ደግሞ፦ «እትዬ፣ ያለ ደረጃ ክፍያ ሠራተኛ ማሰማራት አቅሜ አይፈቅድም። በዚህ የሚስማማ ካገኙ ከእሱ ጋር ቢሠሩ ይሻላል።» አጭር ይሁን። ምክንያት ባበዛችሁ ቁጥር ደንበኛው አንድ በአንድ እያነሳ ይሞግታችኋል።

ከባዱ ዘመድ ነው። አክስት ትደውላለች፣ ከዚያ የሰፈር ሽማግሌ ይላካል። ለሽማግሌ የሥራ ዝርዝር አይነገርም ብላችሁ አታስቡ። ይዛችኋቸው ሂዱና የተቆፈረውን ጉድጓድ አሳዩአቸው። ያዩ ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ ወደ እናንተ ያደላሉ። እምቢ ያላችሁትን የማይሆን ሥራ ግን ለጓደኛችሁ አታስተላልፉ። ወይ ችግሩን ሁሉ ንገሩትና እሱ ይወስን።

መሀል ላይ ማቋረጥ ግድ ከሆነ

ክፍያ ከቆመ ወይም በግድ የሥራውን ጥራት ቀንሱ ከተባላችሁ መጀመሪያ በጽሑፍ አስጠንቅቁ፣ ቀንም ስጡት። ነገሩ ከከፋ ውሉን ይዛችሁ ጠበቃ አማክሩ፤ ሥራ ጥሎ መውጣት በራሱ ሊያስከስስ ይችላል። ስታቆሙ የጀመራችሁትን የሥራ ደረጃ ጨርሳችሁ አቁሙ። ቅርጽ እንጨት የታሰረበት፣ አርማታ ግማሽ የገባበት ቤት ትቶ መሄድ ለሰውም ለሕንፃውም አደጋ ነው። በሁለት ምስክር ፊት የተሠራውን ለኩ። የቀረውን ሲሚንቶና ፌሮ ቆጥራችሁ በሁለት ኮፒ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ሁሉንም ፎቶ አንሱ፣ ቁልፉን አስፈርማችሁ አስረክቡ። ከተቀበላችሁት የሚመለስ ካለ መልሱ፣ የሚቀርባችሁም ካለ እዚያው ወረቀት ላይ ይስፈር። የቀን ሠራተኞቻችሁን ሒሳብ ግን ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አታቆዩ። ከደንበኛው ጋር የተዋዋላችሁት እናንተ ናችሁ፤ እነሱ የቀን ሥራቸውን ጨርሰዋል።