የብራንድ ቀለምን ወደ ቢሮ ሲያስገቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ድርጅት አርማውን አሳድሶ አዲስ ቢሮ ሲከራይ ለውስጥ ዲዛይን ባለሙያው መጀመሪያ የሚያስረክበው አብዛኛውን ጊዜ የብራንድ መመሪያውን ነው። መመሪያው ለማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለቢዝነስ ካርድና ለድረ ገጽ የተዘጋጀ እንጂ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውልበት ክፍል የታሰበ አይደለም፤ ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀለሙን ከስክሪን ላይ አይቶ ለቀለም ቤት ማዘዝ ነው። ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ከራሱ ያመነጫል፤ ግድግዳ ግን የወደቀበትን ብርሃን ከመመለስ በቀር የራሱ የሆነ ብርሃን ስለሌለው በስልክ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ በፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ደብዝዞ ቢገኝ ጥፋቱ የቀለም ቤቱ አይደለም። የሚሻለው ከፓንቶን ቁጥሩ (በኅትመትና በዲዛይን ቀለም ከሚለይበት ቁጥር) ተነስቶ በራል (በአውሮፓ በተለመደው የቅብ ቀለሞች ዝርዝር) ወይም በቀለም አምራቹ ካታሎግ ውስጥ በጣም የሚቀርበውን መምረጥ፣ ከዚያም ስቱኮ በተመታ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ሁለት እጅ ቀብቶ ክፍሉ ውስጥ ማቆም ነው። ሰሌዳውን አንዴ አይቶ መወሰንም አይበቃም። በአዲስ አበባ የጥቅምት ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ መስታወት ሲገባ ቢጫውን ያነድደዋል፤ በሐምሌ ደመና ሥር ያው ቢጫ ግራጫ የተቀላቀለበት ይመስላል። መብራት ሲበራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ባለ 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) ነጭ አምፖል ቀይና ብርቱካናማን ሕይወት ያሳጣቸዋል፤ ስለዚህ አምፖሉ ከቀለሙ ጋር አብሮ መመረጥ አለበት፤ እኔ ለቢሮ 4,000 ኬልቪንን እመርጣለሁ።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ቀለሙን ያለ ቦታው ማብዛት ነው። አንድ ደንበኛዬ የስብሰባ ክፍሉ አራቱም ግድግዳ በድርጅቱ ብርቱካናማ ካልተቀባ ሞቼ እገኛለሁ በማለቱ ተቀባ። ባዶውን ሲታይ ያምር ነበር። ሰው ሲገባበት ግን አንዱ ግድግዳ የመለሰው ብርቱካናማ ብርሃን በሌላው ላይ እየወደቀ ቀለሙ በናሙናው ላይ ከታየው እጅግ ደመቀ፣ ነጩ ጠረጴዛና በላዩ የተዘረጋው ወረቀት የኮክ ፍሬ መልክ ያዙ፣ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ የሠራተኞቹ ፊት ትኩሳት የያዛቸው አስመሰላቸው። በሁለተኛው ወር ሦስቱን ግድግዳዎች ወደ ኦፍዋይት መለስናቸውና ከኮሪደሩ በመስታወቱ በኩል የሚታየውን አንዱን ብቻ አስቀረን፤ የሚገርመው፣ ጎብኚዎች ክፍሉን አሁንም «ብርቱካናማው ክፍል» ብለው ነው የሚጠሩት። ከዚያ ወዲህ ደማቁን ቀለም ዓይን አልፎት በሚሄድበት ቦታ፣ ማለትም በኮሪደር፣ በደረጃ፣ በአሳንሰር ፊት ለፊትና በሻይ ክፍል አስቀምጠዋለሁ፤ ሠራተኛው ከኮምፒውተሩ ቀና ባለ ቁጥር የሚያየውን ግድግዳ ግን ረጋ ባለ ቀለም እተወዋለሁ። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ለሆነ ብራንድ ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ያስፈልጋል፤ ጠቆር ያለ ግድግዳ ብርሃን ስለሚውጥ፣ በአውሮፓ ደረጃ ለንባብና ለጽሕፈት ሥራ በጠረጴዛ ላይ የሚጠበቀውን 500 ሉክስ (በአንድ ቦታ ላይ የሚያርፍ ብርሃን መለኪያ) ለማግኘት አምፖል መጨመር ግድ ይሆናል።

አርማውን በየበሩና በየመስታወቱ መለጠፍም የተለመደ ነው። ሠራተኛው የት እንደሚሠራ ያውቃል፤ አርማው በእንግዳ መቀበያው ላይ አንዴ በደንብ ከተሠራ ይበቃል።

ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ የደኅንነት ምልክቶችን ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ቀይ ለእሳት ማጥፊያ መሣሪያዎችና ለክልከላ፣ አረንጓዴ ለድንገተኛ መውጫ የተሰጠ ቀለም ነው። በቀይ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ እሳት ማጥፊያ፣ በአረንጓዴ ኮሪደር መጨረሻ ያለ የመውጫ ምልክትም ከግድግዳው ጋር ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ከምልክቱ ኋላ ሰፋ ያለ ነጭ መደብ መተው አለበት፤ የብራንድ ክፍሉ ቢያጉረመርምም።

ቀለሙን በማይለወጥ ነገር ላይ ማሳረፍም ዋጋ ያስከፍላል። ብራንድ ይታደሳል፣ የኪራይ ውልም ያልቃል፤ ሰማያዊ ሴራሚክ ግን ካልተፈነቀለ አይነሳም። ወለሉን፣ ኮርኒሱንና አሉሚኒየሙን ገለልተኛ አድርጎ ቀለሙን በግድግዳ፣ በወንበር ጨርቅና በቁርጥራጭ ምንጣፍ ማምጣት ይሻላል። በምዕራብ መስታወት ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ስቲከር የሚለጥፍ ሰውም ቶሎ እንደሚነጣበት ከወዲሁ ይወቀው።

በመጨረሻም የጥገናው ጉዳይ አለ። ደማቅና የማያብረቀርቅ ቀለም የወንበር ጀርባ ሲፈትገው ነጭ ጭረት ያወጣል፤ ስለዚህ ሰው በሚተሻሸው ግድግዳ ላይ የሚታጠብ ከፊል አብረቅራቂ ቀለም ይመረጥ። በሌላ ቀን የተቀላቀለ ቀለም ከመጀመሪያው ጋር በትክክል ላይገጥም ስለሚችል ሙሉው ሥራ የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ተቀላቅሎ ይገዛ፤ አንድ ጋሎንም ትርፍ ይያዝና ክዳኑ ላይ የቅልቅል ቁጥሩ፣ ቀኑና የተቀባው ክፍል ተጽፎ ለንብረት ክፍሉ ይሰጥ።