ሞተር ላይ ክሩዝ ኮንትሮል፦ ከአዳማ ስትወጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚወስደው መንገድ የሞተረኛ ቀኝ እጅ ጠላት ነው። ወለንጪቲን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ቀጥ ይላል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ነዳጅ መስጫውን ጨምድዶ የያዘው እጅ ደግሞ መተሐራ ሳይደርስ መደንዘዝ ይጀምራል። ክሩዝ ኮንትሮል የመጣው ለዚህ ነው። ፍጥነቱን ይይዝላችኋል፣ አንጓችሁ ትንሽ ያርፋል። በቃ፣ ሥራው ይኸው ነው። ሰው ግን ከዚህ በላይ ይጠብቅበታል፣ ጣጣው የሚመጣውም ከዚያ ነው።

መቆለፊያውን ክሩዝ ነው ብሎ ማመን

እውነተኛው ክሩዝ ኮንትሮል ኤሌክትሮኒክ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የጎማውን ፍጥነት እያነበበ ነዳጁን ራሱ ይጨምራል፣ ራሱ ይቀንሳል። ፍሬን ስትነኩ ወይም ፍሪሲዮን ስትይዙ ወዲያው ይለቃል። እንዲህ ያለው ነገር የሚገኘው እንደ ሆንዳ ጎልድ ዊንግና እንደ አዳዲሶቹ የቢኤምደብሊው ጂኤስ ባሉ ትልልቅ የጉዞ ሞተሮች ላይ ነው። እኛ ሰፈር የሞሉት ቦክሰርና መሰሎቹ ነዳጅ መስጫቸው በካቦ የሚሳብ ስለሆነ ይሄ የላቸውም።

ታዲያ ለእነሱ ምን ይሸጣል? እጀታው ላይ የሚታሰር መቆለፊያ። ነዳጅ መስጫውን ባለበት ቦታ ጠበቅ አድርጎ ይይዘዋል፣ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ፍጥነት አያነብም። ዳገት ሲመጣ ሞተሩ እየደከመ ይሄዳል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ይፈተለካል፣ ፍሬን ብትይዙ ደግሞ እሱ ነዳጅ መስጠቱን አያቆምም። ጥሩ ተደርጎ የተሠራው በእጅ ሲጠመዘዝ ይሸነፋል፣ ስለዚህ መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። ግን ክሩዝ አለኝ ብሎ የሚነዳና መቆለፊያ አለኝ ብሎ የሚነዳ ሰው እኩል አይጠነቀቁም።

በላስቲክ ማሰር

ይሄ አያከራክርም፣ አታድርጉት። ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ራሱ እንዲዘጋ የሚያደርግ ሞላ አለው። ያ ሞላ የተቀመጠው ስትወድቁ፣ እጃችሁ ሲንሸራተት ወይም ስትደነግጡ ሞተሩ መጎተቱን እንዲያቆም ነው። ላስቲክ አስራችሁበት ከሆነ እናንተ አስፋልት ላይ ሆናችሁም እሱ መንገዱን ይቀጥላል።

እጅን ጭን ላይ ማሳረፍ

በመኪና የለመዱ ሰዎች ይሄን ይወዱታል። ክሩዙን ያበሩና ቀኝ እጃቸውን አውርደው ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፣ አንዳንዱ ስልክ ያወጣል፣ አንዳንዱ ውኃ ይጠጣል። ሞተር ላይ ግን የፊት ፍሬኑ ያለው በዚያው በቀኝ እጅ ነው። ስትቆሙ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚመጣ ዋናው የሚያቆማችሁም እሱ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በአንድ ሰከንድ 25 ሜትር ትጓዛላችሁ። እጁ ከጭን ተነስቶ ፍሬን እስኪያገኝ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ ወደ 37 ሜትር ሄዳችኋል፣ ገና ፍሬን ሳይያዝ። በመተሐራ አካባቢ ግመል ወይም የከብት መንጋ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ያየ ሰው 37 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

እጁ መሪው ላይ ይቆይ። ጣቶቻችሁን ፈታ አድርጉ፣ መዳፋችሁን አላሉት፣ ትከሻችሁን አውርዱ። ለደም ዝውውር ይሄ ይበቃል። ካልበቃ ደግሞ ችግሩ ክሩዝ የሚፈታው አይደለም፣ ቆም ብሎ ሻይ መጠጣት ያስፈልጋል።

ክሩዙ እንዳይጠፋ ብሎ መደረብ

ለእኔ ከሁሉም የሚያስፈራው ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሚሠራው ሰው ስህተት እየሠራ እንደሆነ አይሰማውም። የጅቡቲው መስመር ተሳቢ የሞላበት ነው። ክሩዛችሁን 85 ላይ አድርጋችኋል፣ ከፊት ያለው ከባድ መኪና 80 ይሄዳል። ያማረውን ፍጥነት ላለመንካት ዝም ብላችሁ በዚያው 85 ትወጣላችሁ።

እስቲ እናስላው። የፍጥነት ልዩነታችሁ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሰከንድ 1.4 ሜትር ገደማ። መኪናው ከነተሳቢው 18 ሜትር ነው እንበል። 20 ሜትር ከኋላው ጀምራችሁ 20 ሜትር ከፊቱ ልትገቡ ከሆነ በዚያ ልዩነት 58 ሜትር መብለጥ አለባችሁ፣ ይሄ ከ40 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መንገዱ ላይ የምትጓዙት አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። በተቃራኒ መስመር! ከፊት የሚመጣው ሚኒባስ ይሄን ሒሳብ አልሠራላችሁም።

መደረብ ያለበት ሰው ክሩዙን ያጥፋ፣ ማርሽ ቀንሶ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አይቶ፣ በእጁ ነዳጅ ሰጥቶ ቶሎ ይለፍ። ለመደረብ ቦታ ከሌለ ደግሞ ርቀት ጠብቆ ከኋላ መሄድ ነው። ክሩዝን መልሶ ማብራት አንድ ቁልፍ መጫን ነው፣ ምን ያስቸኩላል?

የአዳማን ነፋስ መርሳት

ከተማዋ ዳር ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች ለጌጥ አልተተከሉም። በመጀመሪያው ፕሮጀክት 34፣ በሁለተኛው 102 ናቸው፣ በድምሩ 204 ሜጋዋት። ይሄን ሁሉ የሚያሽከረክር ነፋስ እናንተንም ይገፋል። ክሩዝ የሚያውቀው ወደ ፊት ያለውን ፍጥነት ብቻ ነው። ነፋስ ከጎን መጥቶ ከመስመራችሁ ሊያስወጣችሁ ሲታገል እሱ 90ውን ይዞ ይቀጥላል። በተለይ ከተሳቢ ጎን ስታልፉ መኪናው ነፋሱን ይጋርድላችኋል፣ ከዚያ አፍንጫውን እንዳለፋችሁ አንድ ጊዜ ይመታችኋል። በእጃችሁ የምትነዱ ከሆነ ሰውነታችሁ ሳታስቡት ነዳጅ ይቀንሳል። በክሩዝ ላይ ግን ማሰብ አለባችሁ፣ ያቺ የማሰቢያ ጊዜ ደግሞ ውድ ናት። ተርባይኖቹ በኃይል ሲዞሩ ካያችሁ ክሩዙን አጥፉት ማለታቸው ነው ብላችሁ ውሰዱት።

«መልስ» የምትለዋን ቁልፍ ከተማ ውስጥ መጫን

ኤሌክትሮኒክ ክሩዝ በፍሬን ወይም በፍሪሲዮን ሲለቅ የነበረበትን ፍጥነት ያስታውሳል፣ የክሩዙ ዋና ማጥፊያ ወይም የሞተሩ ቁልፍ እስኪዘጋ ድረስ። ወለንጪቲ ስትገቡ ፍሬን ይዛችሁ አጠፋችሁት፣ በባጃጁና በጋሪው መሀል በ30 አለፋችሁ። የከተማው ጫፍ ላይ ስትደርሱ ሪዚዩም (መልስ) የሚለውን ቁልፍ ትጫናላችሁ። ሞተሩ ያስታወሰው 95 ስለሆነ ወደ 95 ይገሰግሳል፣ ከግራ የምትወጣውን ባጃጅ እሱ አያያትም። ከከተማ ሙሉ በሙሉ ውጡ፣ በእጃችሁ ወደምትፈልጉት ፍጥነት ድረሱ፣ ከዚያ እንደ አዲስ ያዙት። አንጓን የሚያሳምመው ይሄ አንድ ደቂቃ አይደለም።

ዳገትና ቁልቁለት

ወደ አሰላ ስትወጡ ከ1,600 ሜትር ገደማ ተነስታችሁ ወደ 2,400 ትደርሳላችሁ። በከፍተኛ ማርሽ ላይ ክሩዝ አብርታችሁ ከሆነ ሞተሩ ፍጥነቱን ላለመልቀቅ ነዳጅ እየጨመረ ይንገታገታል። ስትመለሱ ደግሞ ብዙዎቹ ክሩዞች ነዳጅ መቀነስ እንጂ ፍሬን መያዝ አይችሉም፣ ስለዚህ ቁልቁለቱ ከያዛችሁት ፍጥነት በላይ ይወስዳችኋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ በአሰላ መንገድ ላይ ክሩዝ ምንም አያስፈልግም። በእጅ የሚነዳ ደስ የሚል መንገድ ነው።

ዝናብ

አጥፉት። የሞተሮቹ መመሪያ መጽሐፍ ራሱ በእርጥብና በሚያንሸራትት መንገድ አትጠቀሙ ይላል።

ከኋላ ያለውን አለማሳወቅ

ክሩዙን በቁልፉ ብቻ ስታጠፉት ሞተሩ በራሱ ይይዛችኋል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ የፍሬን መብራታችሁ ግን አይበራም። ጭራችሁን ተከትሎ የሚመጣው ሹፌር የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ ከኋላ ሰው ካለ ፍሬኑን ነካ አድርጋችሁ አጥፉት። ክሩዙም ይለቃል፣ መብራቱም ይበራል።

ራዳር አለኝ ብሎ መዝናናት

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2021 ወዲህ በወጡ አንዳንድ ውድ ሞተሮች ላይ ከፊት ካለው ተሽከርካሪ ርቀት የሚጠብቅ ክሩዝ አለ። ጎበዝ ነገር ነው። ግን የተሠራው ተሽከርካሪ እንዲከተል ነው፣ አስፋልት ላይ የተኛን ፍየል እንዲያስነሳ አይደለም።

ማጥፊያውን ሳይሞክሩ መውጣት

ፍሬን ስትይዙ ክሩዙ የሚለቀው አብዛኛውን ጊዜ የፍሬን መብራት በምታበራው በዚያችው ትንሽ ስዊች አማካኝነት ነው። የፊትና የኋላ ፍሬን ለየብቻ ስዊች አላቸው፣ አቧራና ውኃ ያበላሻቸዋል። አዳማ ግቢያችሁ ውስጥ ቆማችሁ መጀመሪያ የፊቱን፣ ቀጥሎ የኋላውን ያዙ፣ ሰው ከኋላ ቆሞ መብራቱን ይይላችሁ። አንዱ ካልበራ ወደ መካኒክ ሂዱ። ሁለቱም ከበሩ ደግሞ ቀጥ ያለና ጭር ያለ ቦታ ስታገኙ ክሩዙን በዝቅተኛ ፍጥነት ያዙትና አራቱንም ሞክሩ፦ የፊት ፍሬን፣ የኋላ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ነዳጅ መስጫውን ወደ ፊት መዝጋት። አንዱ እንኳ ካንገራገረ የዚያን ቀን በእጃችሁ ንዱ።